የተቀበረ አፈር
ትዝብት ከሚዛን አማን

ጓሯችን ውስጥ የመጸዳጃ ጉድጓድ እናስቆፍር ነበር። ቆፋሪው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሮ፣ ምሳ ሳይደርስ ወገቡ ድረስ ገባ። የአማን አፈር ቀይና እርጥብ ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት ይውጠዋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ድንገት ግን መንኮሻኮሽ ጀመረ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቆሻሻ የቀበረ ሰው አለ» አለኝ ቀና ብሎ።

ሄጄ አየሁ። ከላይ ያለው ፌስታል ነው፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ። ጭቃው ቢታጠብለት ዛሬም ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይችላል። ዝቅ ሲል የኮንጎ ጫማ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ የጄሪካን ክዳን፣ የዛገ የቲማቲም ጣሳ፣ የባትሪ ድንጋይ መጣ። ቆፋሪው ደረቱ ድረስ ሲገባ ደግሞ የጀበና አንገት፣ የስኒ ስባሪ፣ የምጣድ ገል፣ አመድ። ከአመዱ ሥር ጥቁር አፈር ብቻ ነው።

በዚህ ግቢ ከእኛ በፊት ሌሎች ኖረዋል፤ ከእነሱም በፊት ሌሎች። ስማቸውን አላውቅም፤ ኑሯቸውን ግን በአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት አነበብሁት። ከሥር ያሉት የእጅ ባትሪም ሬዲዮም አልነበራቸውም። መሃል ላይ ያሉት ሬዲዮ ሰምተዋል። ከላይ ያሉት ገበያ ሲወጡ ዘንቢል መያዝ ትተዋል።

የባትሪ ድንጋዮቹን ለቅሜ ጣሳ ውስጥ ከተትኋቸው። 37 ናቸው።

* * *

ወሬው አጥር ተሻግሮ ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ደረሰ መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሳፋ ይዘው መጡ። «የኔ ልጅ፣ ያን ጥቁሩን አፈር እንዳትደፋው፤ ለችግኜ እፈልገዋለሁ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ዘገን አደረጉት፤ በመዳፋቸው አሹት፤ አሸተቱት። ስለ አፈር የሚያውቁትን ያህል እኔ ስለ ምንም ነገር አላውቅም። አፈሩ ጥሩ ነው። ልጣጭ፣ አመድ፣ የቡና አተላና የእንሰት ቅጠል ስንት ዓመት አብረው በስብሰው የሠሩት ነው።

ግን ድንጋዮቹ ከዚያው አፈር በላይ ነው የነበሩት። ቆርቆሯቸው ተበልቷል፤ ውስጣቸው ያለው ጥቁር ዱቄት ከአፈሩ ጋር ተዋህዷል። የድሮዎቹ የባትሪ ድንጋዮች ሜርኩሪና ካድሚየም ነበረባቸው። ያ ወዴት ሄደ? «እማማ፣ ለአበባ ይሁን እንጂ ለጎመንና ለጎደሬ ባይሆን» አልኋቸው።

«ድሮ ቆሻሻ ሁሉ ጓሮ ነበር የሚሄደው። ማን ታመመ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

* * *

በቤንችም በካፋም በሸካም፣ የእንሰት ጓሮ ያለው ቤት ቆሻሻ መጣያ የሚባል ቦታ አልነበረውም። ጠዋት ቤት ሲጠረግ ጥራጊው፣ አመዱና የከብቱ እበት እንሰቱ ሥር ይሄዳል። የቆጮው ፍርፋሪ፣ የጎደሬው ልጣጭም እዚያው። ለዚህ ነው ከቤት አጠገብ ያለው እንሰት ከሩቁ ይልቅ የሚወፍረው። ቤቱ መሬቱን ይበላል፣ ተመልሶ ያበላዋል። ሂሳቡ ዝግ ነበር።

ከተማ ይህን ሂሳብ ሰበረ። ሙዝ፣ ቆጮ፣ ጎደሬና በቆሎ ከገጠር በጭነት ይገባል፤ ልጣጩ ወደ ገጠር አይመለስም። ዳር ያለ ገደል ውስጥ ይጣላል። ስለዚህ ገደሉ ውስጥ ያለው ነገር በአብዛኛው የገበሬው መሬት ነው፤ የለማው፣ የጠቆረው፣ የወፈረው የመሬቱ ክፍል። እማማ ሳፋ ይዘው የመጡት የራሳቸውን ሊወስዱ ነው።

* * *

የተጣለ ቆሻሻን መልሶ መቆፈር አዲስ ሐሳብ ይመስላል። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ቁፋሮ የተካሄደው ግን እ.ኤ.አ. በ1953 በእስራኤል፣ በቴል አቪቭ የቆሻሻ ስፍራ ነው። ምን ፈልገው ነበር? ብረት አይደለም፤ ፕላስቲክ ያኔ ገና አልበዛም። የፈለጉት አፈር ነበር። የብርቱካንና የሎሚ እርሻቸውን ለማዳበር፣ የበሰበሰውን ክምር በወንፊት እያጣሩ አወጡት።

ይህን ሳነብ እማማ ከነሳፋቸው ትዝ አሉኝ። ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የ1953ቱ ክምር እንደኛ ጉድጓድ የታችኛው ክፍል መሆኑ ነው፤ ፌስታሉ ገና አልመጣም።

* * *

የአዲስ አበባን የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼን፣ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ወደዚያ በሄድሁበት። ከዘነበወርቅ ሰፈር ማዶ ያለ ኮረብታ ነው። ኮረብታ ያልሁት ከሩቅ ሲታይ፣ ጢሱና ከላዩ የሚያንዣብበው አባ ኮዳ ባይኖር፣ ሌላውን ኮረብታ ስለሚመስል ነው። ወደ 36 ሄክታር ይሰፋል። ከ50 ዓመታት በላይ አዲስ አበባ የበላችውና የለበሰችው፣ የሠራችውና ያፈረሰችው ሁሉ እዚያ ተደፍቷል። ሕዝቡ ስፍራውን ረጲ ከሚለው ስሙ ይልቅ በቆሼነቱ ነው የሚያውቀው።

በላዩ ላይ ሰዎች ነበሩ። ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዘው፣ የቆሻሻ መኪናው ሲገለብጥ ይቀርባሉ። አንዱ ብረት ብቻ ይለቅማል፤ አንዷ ሃይላንድ ብቻ፤ ሌላው አጥንት፤ ሌላው የሚበላ። ይህን ከሚያህል ድብልቅ ውስጥ የየራሳቸውን ነገር ለይተው የሚያወጡበት ፍጥነት ያስደንቃል። በኢትዮጵያ ውስጥ ቆሻሻን መልሶ ወደ ዕቃነት የመለወጥ ሥራን ለአሥርት ዓመታት የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ያለ ጓንት፣ ያለ ቦቲ፣ ያለ ደመወዝ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ያ ኮረብታ ተናደ። ከሥሩ የነበሩ የጭቃና የላስቲክ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ያን ሰሞን እዚህ አማን ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጡ ሴቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እዚያ ዘመድ የነበራቸው አይደሉም። ቆሻሻ ሰው ይገድላል ብዬ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ደግሞ ነገሩ የቆሼ ብቻ እንዳልሆነ አሳየኝ። በዚያው ዓመት፣ ቆሼ በተናደ በወሩ፣ ስሪላንካ ውስጥ ሚቶታሙላ የሚባለው ክምር ተንዶ ከ30 ያላነሱ ሰዎችን ገደለ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ካምፓላ አጠገብ ኪቴዚ ተናደ፤ እዚያም ሟቾቹ ከ30 በላይ ነበሩ። በፊሊፒንስ ፓያታስ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ200 በላይ ሰው አልቆ ነበር። ዝናብ የጠጣ፣ አየር ያላገኘ፣ ቁልቁለቱ የቆመ ክምር ሁሉ ያው አንድ ነው።

* * *

ስለ ቆሼ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከአደጋው በፊት ክምሩ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር የተሠራ ዘመናዊ ማስወገጃ ተከፍቶ ቆሻሻው ወደዚያ መሄድ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብለው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ቆመ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ኮረብታው ተናደ።

ገበሬዎቹን አልወቅስም። የከተማ ሰው ልጣጩንና ፌስታሉን አንድ ላይ አስሮ ሲልክባቸው ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? የተለየ ልጣጭ ቢላክላቸው ኖሮ ያው ማዳበሪያ ነበር።

* * *

ማዳበሪያ ካልሁ አይቀር፣ ይህ ቃል ለእኛ ሁለት ነገር ነው። መሬት የሚያዳብረው ነገርም ማዳበሪያ ነው፣ ፍሬው ካለቀ በኋላ የሚተርፈው የፕላስቲክ ጆንያም ማዳበሪያ ነው። «በማዳበሪያ አድርገህ አምጣው» እንላለን። አንዱ መሬት ገብቶ መሬት ይሆናል። ሌላው መሬት ገብቶ እንደ ገባ ይኖራል። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ክር ክር እያለ ይበጣጠሳል፤ ያን ጊዜ ማንም ሊለቅመው አይችልም። ከጉድጓዳችን የወጣው እንዲህ ያለው ክር ነው ከሁሉ ያስቸገረን። ፌስታል በእጅ ይወጣል፤ ክሩ ግን ከአፈሩ ጋር ተፈትሏል።

* * *

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲበላ ነው የታቀደው። ትልቅ ሥራ ነው፤ በአፍሪካ ምድር በዓይነቱ ቀዳሚ ተብሎለታል። እኔን የሚያሳስበኝ የምድጃ ነገር ነው። የከተሞቻችን ቆሻሻ አብዛኛው ከወጥ ቤት የወጣ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ያነደደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሳቱ መጀመሪያ እንጨቱን ሲያደርቅ ይደክማል። የ50 ዓመቱ ክምር ደግሞ ከጣቢያው አጠገብ እንደ ተኛ ቀረ። ምድጃ የዛሬን ይበላል። የትናንቱን የሚያቃልለው ወንፊት ነው።

* * *

ህንድ ውስጥ ኢንዶር የምትባል ከተማ አለች። ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት የያዘ፣ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ የሆነ አሮጌ ክምር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2018 ማሽን ተከራይታ ቀንና ሌሊት ቆፍራ አጠራችው። አሠራሩ ቀላል ነው። ክምሩን መጀመሪያ ይበትኑታል፣ ያገላብጡታል፣ አየር ይሰጡታል፤ የበሰበሰው ደርቆ ሽታው ሲጠፋ፣ እየዞረ በሚያጠራ ትልቅ በርሜል ውስጥ ይለቁታል። ደቃቁ በቀዳዳው ይወርዳል። ቀላሉን ፌስታልና ላስቲክ ንፋስ ይወስደዋል። ብረቱን ማግኔት ያነሣዋል። የቀረውን ጠርሙስ፣ ጨርቅና ድንጋይ ሰው በእጁ ይለየዋል። ፌስታሉ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ለመንገድ ሙሌት።

ደቃቁስ? ከአሮጌ ክምር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግማሽ የሚሆነው፣ አንዳንዴም የሚበልጠው እሱ ነው። አፈር ይመስላል፣ አፈር ይሸታል። እማማ ቢያዩት ሳፋ ያመጡለታል። ህንድ ውስጥ ሲመረመር ግን እርሳስ፣ ካድሚየምና ሌላ ከባድ ብረት ለምግብ እርሻ ከሚፈቀደው በላይ የተገኘበት ብዙ ነው። ስለዚህ ወይ ለጎድጓዳ መሬት መሙያ ይሆናል፣ ወይ ለማይበላ ዛፍ መትከያ። የገበሬው መሬት ወደ ገበሬው መመለስ አቅቶት መንገድ ዳር ይቀራል።

እንግዲህ ለእማማ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ድሮ ጓሮ የሄደው ልጣጭና አመድ ነበር። አሁን የሚሄደው ልጣጭና አመድ ከባትሪ፣ ከቀለም፣ ከአምፖልና ከመድኃኒት ጋር ነው። አፈሩ አልከፋም። አብሮት የተቀበረው ነው የከፋው።

* * *

ይህ አገር የመለየት አገር ነው። ይህን የምለው ቡና ሲዘጋጅ አይቼ ነው።

እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይለቀቃል። ውስጡ ባዶ የሆነው ወይም ትል የበላው ይንሳፈፋል፤ ይወገዳል። የሰመጠው ይፈለፈላል። ልጣጩ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ። ፍሬው ገንዳ ውስጥ ይቆያል፣ ይታጠባል፤ በቦዩ ሲወርድ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል። ከዚያ አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋው ዳርና ዳር ሴቶች ቆመው የተሰነጠቀውን፣ ነጭ ያለውን፣ የጠቆረውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ እንደገና በወንፊት፣ በክብደት፣ በቀለም፣ በመጨረሻም በእጅ ይለያል። አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ በመለየትና በማድረቅ ላይ የወጣ ነው።

የኢንዶርን ማሽን ለአንዲት የበበቃ ቡና እርሻ ለቃሚ ብታሳያት ምንም አይገርማትም። ወንፊቱን ታውቀዋለች፣ ንፋሱን ታውቀዋለች፣ ዳር የተሰለፉትን ሰዎች ታውቃቸዋለች። ከአንድ ጆንያ ውስጥ አንዲት ጥቁር ፍሬ አይታ የምታወጣ ዓይን ያላት ሴት፣ ማታ ቤቷ ገብታ የሙዙን ልጣጭና ፌስታሉን አንድ ላይ ጠቅልላ ትጥላለች። ዕውቀት አንሷት አይደለም። ለቡናው የለቀመችበት ይከፈላታል፤ ልጣጩን ብትለይ ግን የሚቀበላት የለም። ሁለት ዕቃ ይዛ ብትወጣ መኪናው መጥቶ አንድ ላይ ይደፋዋል።

* * *

ከቡና መፈልፈያዎች ጀርባ ያለውን የገለባ ክምርም ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ ነው የሚያየው። ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ትኩሱ ገለባ ያሸታል፣ ይግላል፤ ዝናብ ሲያጥበው የሚወርደው ጥቁር ውኃ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይጨርሳል። ዓመታት ያስቆጠረው የሥረኛው ግን ጥቁርና ፍርክርክ ያለ አፈር ሆኗል፤ ፖታሺየሙ ብዙ ነው። ውስጡ ባትሪ የለም፤ ፌስታል የለም። ይህን ቆፍሮ ወደ ቡናው ሥር ለመመለስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አካፋና ጋሪ ይበቃል። ምነው ከዚህ ብንጀምር! አሮጌ ክምር የመቆፈርን ሥራ ሰው ሳይፈራ የሚማርበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

* * *

ዝናብ። ይህ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል። ክምር ላይ የወረደ ዝናብ በክምሩ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ሻይ ቅጠል ላይ እንደ ፈሰሰ የፈላ ውኃ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል። ደረቅ አገር ላይ ያለ ክምር ይጠብቅሃል። የእኛ አይጠብቅም።

ለመቆፈር ደግሞ ደረቅ ወራት ያስፈልጋሉ፤ እርጥብ ቆሻሻ በወንፊት አያልፍም። የእኛ ደረቅ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ የቡና ወራት ናቸው። ያን ጊዜ ሥራ የፈታ እጅ አይገኝም፤ መኪናውም ሰውም ጆንያውም ቡና ላይ ነው። የሌላ አገር ዕቅድ ገልብጦ ለሚያመጣ ባለሙያ ይህችን አስቀድሜ ብነግረው ደስ ይለኛል።

* * *

ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ የምትባለው ከተማ ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ሆና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ዘዴ አውጥታለች። ከክምሩ ሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘረጋል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሌላ ቱቦም ይተከላል። ፍሳሹ በታች ይወጣል፤ በባዶው ቱቦ አየር ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እሳት የሚያስነሣው ሚቴን ይቀንሳል፤ ክምሩም ይረጋል። ቆሼ ከተናደ በኋላ ስፍራውን ለማረጋጋት በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት)ና በጃፓን ድጋፍ የተሠራበት ይኸው ዘዴ ነው።

ልቤን የነካው ይህ ነው፦ ውድ ቱቦ መግዛት ባልተቻለበት አገር ቱቦው ከቀርከሃና ከአሮጌ በርሜል ይሠራል። ቀርከሃ! ሸካ ውስጥ ማሻና አንድራቻ ሄዶ ያየ ያውቃል፤ ደኑ ውስጥ ሰው ጠልቆ ይጠፋል። የአማንና የቴፒ ክምሮች መተንፈሻ እዚሁ በቅሏል።

* * *

ቴፒ ገበያ። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ እርድ፣ ዝንጅብል። አንዲት እናት ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ አጠገባቸው ያለችው ልጅ ያንኑ ቆጮ በፌስታል። ከእናትየው ገዛሁ። ማታ ኮባውን ጓሮ ጣልሁት፤ በሳምንቱ ብፈልገው አጣሁት።

* * *

አዲስ አበባ ውስጥ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ለከተማዋ ያደረገውን ማን ቆጥሮለታል? የተሰበረ አልጋ፣ የተቃጠለ ብረት ድስት፣ ያረጀ ጄሪካን ከደጃፍ ይገዛል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ዓለም የሚያደንቃቸውን ሥዕሎቹን የሚሠራባቸውን የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ ሲገዛ የኖረው ከዚሁ ተራ ነው። የቆሼ ጎረቤት በሆነው በዘነበወርቅ ሰፈር ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የጫማ ሥራዋን ስትጀምር ሶሉን ከአሮጌ ጎማ አደረገችው፤ በረባሶ የምንለውን አባቶቻችን የተጫሙትን ነገር ወደ ዓለም ገበያ አወጣችው።

ከጉድጓዳችን ውስጥ የጎማ ቁራጭ አልወጣም። የቢራ ጠርሙስም አልወጣም፤ ጠርሙስ ካልመለስህ ሌላ አይሸጡልህማ። ተቀባይ ያለው ዕቃ ከመቀበሩ በፊት መንገድ ያገኛል።

ሃይላንድ አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋ አለው፤ ፈጭተው ለገበያ የሚያቀርቡት አሉ። አማን ላይ ግን የሚሰበስበው ልጅ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባዶ ሃይላንድ ደግሞ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም። አንድ ኤፍ ኤስ አር መኪና ሙሉ ጭነህ የምትልከው አየር ነው። አንድ መጭመቂያ ማሽን ከተማ ውስጥ ቢተከል፣ በክረምት ሲሚንቶ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና የተጨመቀ ሃይላንድ ይዞ ቢወርድ፣ ዋጋው ይወጣ ነበር። ወጣቶች ተደራጅተው ብድር ሲጠይቁ ሁልጊዜ የብሎኬት ማምረቻ ነው የሚታያቸው። ይህንንም እንዲያዩት እመኛለሁ።

* * *

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ከጉድጓዳችን የወጡትን በጣቴ ዳሰስኋቸው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ ፌስታሎችን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ደግፌዋለሁ፤ ከልቤ ደግፌዋለሁ። ግን አዋጅ የሚከለክለው ነገ የሚመጣውን ነው። ከመሬት በታች ያለው አዋጅ አይሰማም፤ ሰው ሄዶ ካላወጣው እዚያው ነው።

* * *

የከተማችን ስም በሚዛን ይጀምራል። ቡናዋ ይመዘናል፣ ከዲማና ከቤሮ የሚመጣው ወርቅ በግራም ይመዘናል። ቆሻሻዋ ሲመዘን ግን አይቼ አላውቅም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ። ለመመረቂያ ሥራ የሚዘጋጁ ተማሪዎች አሮጌ ክምር ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቢቆፍሩ፣ በወንፊት ቢያጠሩት፣ እያንዳንዱን ክምችት ቢመዝኑት፣ ደቃቁን አፈር ለእርሳስና ለካድሚየም ቢመረምሩት፣ እማማ ለጎመናቸው ይውሰዱት ወይስ አይውሰዱት የሚለውን እኔ በግምት ከምመልሰው እነሱ በቁጥር ይመልሱታል። ሌላም ይገኝበታል፦ ከአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ብረት፣ ስንት ኪሎ ፌስታል፣ ስንት ኪሎ አፈር እንዳለ። ያለዚህ ማንም ክምሩን ልቆፍር ብሎ ገንዘብ አያወጣም።

የወርቅ ሠራተኛው የሚያጥበውን ጠጠር ቆሻሻ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። አፈር ነው የሚለው።

* * *

እማማ በመጨረሻ አፈሩን ወሰዱ። ተስማምተን ነው፤ ለጽጌረዳውና አጥር ላይ ለሚተከለው ግራቪሊያ ብቻ። ከመውሰዳቸው በፊት ግን ሁለታችንም ቁጭ ብለን በእህል ወንፊት አጠራነው፤ ቆፋሪውም ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አገዘን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀብን። ሦስት ክምር ሆነ። አፈሩ ትልቁ ነው። የሸክላው ስባሪ የጉድጓዱ ዙሪያ መደልደያ ሆነ። ፌስታሉንና ክሩን አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ አሰርሁት፤ እማማ አቃጥለው ቢሉኝም ጢሱን ፈርቼ እምቢ አልሁ። መጋዘን ውስጥ አለ።

አንዲት የሸክላ ስኒ ጆሮዋ ብቻ ተሰብሮ ሙሉዋን ወጣች። እማማ አጥበው ወሰዷት፤ አሁን የጨው ማስቀመጫቸው ናት።

37ቱ የባትሪ ድንጋዮች ከነጣሳቸው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጣሳውን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ሱቆቹን ጠየቅሁ፣ የስልክ ጠጋኞቹን ጠየቅሁ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር ጠየቅሁ። ሹፌሩ «ለማን ልስጥልህ?» አለኝ። እስካሁን የምነግረው ስም አላገኘሁም።